የረቡዕ ቸኮሌት

ባሌ ኮሮይ በተጎዳ ወገቡ ቸኮሌት ተሸክሞ ወደ ቀጣሪዎቹ ቢሮ የሄደ ዕለት ላንቀው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት በጭነት መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሠርቷል። በመጨረሻው ጉዞው ማዕበል መርከቧን ሲያንገላታት፣ የሩዝ ጆንያ እንደተሸከመ ከመጋዘኑ ደረጃ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ግራ እግሩ ደንዝዞ ቀረ። በተሽከርካሪ ወንበር አድርገው ወደ አገራችን፣ ወደ ማኒላ ላኩት። ይህ ሰው ታዲያ አውሮፕላን በቀየረበት አገር ወንበሩን የምትገፋውን ልጅ ለምኖ ቸኮሌት መሸጫው ደጃፍ አስቆማት። እኛ ዘንድ ከባሕር የተመለሰ ሰው ባዶ እጁን የማንንም ደጅ አይረግጥም፤ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለቢሮ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ነገር መያዝ አለበት።

ሰኞ ገባ። ረቡዕ ጠዋት ታክሲ ይዤ ወደ ቢሮው ወሰድኩት። ውሉ ላይ የመርከበኛ ሚስት ሁሉ እንደ ጸሎት የምታውቀው አንቀጽ አለ። ተጎድቶ የተመለሰ ሰው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ቢሮ ቀርቦ ሐኪም እንዲያየው ካልጠየቀ፣ ካሣ የሚባል ነገር የለውም።

«ወገብህ እንዲህ ሆኖ ለእነሱ ቸኮሌት?» አልኩት ታክሲው ውስጥ።

«ባዶ እጄን ልግባ እንዴ ሊጋያ? ምን ይሉኛል?»

«ሽባ ይሉሃላ። ሌላ ምን ይሉሃል?»

ሳቀ። ሲስቅ ወገቡን አመመውና ፊቱን አኮማተረ፤ እኔም በተናገርኩት ተጸጸትኩ።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ሲያየው አዘነ። «ኩያ፣ ወንድም ጋሼ፣ ዝም ብለው ይግቡ፣ አይቁሙ» ብሎ መዝገቡን ሳያስፈርመን አሳለፈን። እግዜር ይስጥልን ብለን ገባን። ያ ደግነት ምን ሊያስከፍለን እንደነበር ያኔ አላወቅሁም። ማኒላ ውስጥ የጥበቃ መዝገብ ላይ ያልፈረመ ሰው አልመጣም ማለት ነው።

መርከበኞችን የምትመድበው ዞራይዳ የምትባል ሴት ናት። ታላቅ ወንድሟ ይመስል «ኩያ ኮሮይ» እያለች ተቀበለችው። እኔ የምንሞላው ፎርም ካለ ልጠይቅ ወደ ሌላው መስኮት ሄድኩ። ስመለስ ቸኮሌቱ ተከፍቶ ቢሮው ሁሉ እየበላ ነው።

«ሐኪማችን ፈቃድ ላይ ናቸው» አለችን ዞራይዳ በሞላ አፏ። «የሚመጣው ሰኞ ኑ።»

ሰኞ ሄድን፤ ሐኪሙ አየው። ወራት ሲያመላልሱት ከቆዩ በኋላ ግን ደብዳቤ ጻፉልን። አቶ ዲዮስኮሮ ከተመለሱ በስምንተኛው ቀን ነው የቀረቡት፤ ስለዚህ መብት የላቸውም ይላል። ዲዮስኮሮ የሚሉት የኔን ኮሮይ ነው። ባሕር ላይ ዳግም ላይወጣ፣ ጆንያ ዳግም ላያነሳ፣ እንዲሁ ሊያሰናብቱት። ከሰስናቸው።

ክርክሩን የምትሰማው ዳኛ ጸጉሯ የሸበተ፣ ንግግር የምትቆጥብ ሴት ነበረች። የኩባንያው ጠበቃ የጥበቃውን መዝገብ ገልጦ አሳያት።

«ረቡዕ ስማቸው የለም። ማክሰኞም የለም። ሰውየው ቤታቸው ጋደም ብለው ነበር፤ እኛን ያስታወሱን በስምንተኛው ቀን ነው።»

ዳኛዋ ወደ ዞራይዳ ዞረች። «እንዲህ ነው?»

«አዎ፣ ክብርት ዳኛ። ረቡዕ ዓይናቸውንም አላየሁ።»

ደሜ ፈላ። ጠበቃችን እጄን ቢይዘኝም ተነሳሁ። «ታዲያ ቸኮሌቱን ማን በላው?»

ዳኛዋ መነጽሯን ዝቅ አደረገች። «የምን ቸኮሌት?»

«ረቡዕ በዚያ ወገቡ ተሸክሞ ያመጣላቸው። ሙሉ ካርቶን። ሐኪም የለም ስትለን አፏ ውስጥ ነበር።»

ዞራይዳ ሳቅ አለች። «ቸኮሌት የማያመጣ መርከበኛ የለም፣ ክብርት ዳኛ። የማንን ከማን ልለየው?»

የኩባንያው ጠበቃም አብሯት ፈገግ አለ። አለቀልን ብዬ ቁጭ አልኩ።

ጠዋቱን ሙሉ ትንፍሽ ያላለው ኮሮይ ያኔ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፎቶ አንስተሽኝ የለ?» አላት፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። «ቀና በሉ፣ ፈገግ በሉ ብለሽኝ። ቀና ማለት አልቻልኩም። ፈገግ ግን ብያለሁ።»

የዞራይዳ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሥር ወረደ።

«ስልክዎን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ» አለቻት ዳኛዋ።

የኔ ስልክ ወጥቷል። ይህች ሴት የበላችውን፣ የለበሰችውን፣ የተቀባችውን ጥፍር ሁሉ ፌስቡክ ላይ ለዓለም የምታሳይ ናት። በጣቴ ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረድኩ። ልደት አለፍኩ፣ የፓንሲት ኑድል ሳህን አለፍኩ፣ ድመት አለፍኩ። ስንት ወር ሙሉ ስታነሳ ኖራለች። ከዚያ ያ ረቡዕ መጣ።

የኔ ኮሮይ አለ። ወገቡ ላይ መደገፊያ ቀበቶ ታጥቆ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ተደግፎ፣ ቸኮሌቱን ደረቱ ላይ ይዞ እስከ ጆሮው ፈገግ ብሏል። ከሥሩ በገዛ እጇ ጽፋለች፤ «እንኳን በሰላም መጡ ኩያ ኮሮይ፣ ወገብዎን ይማርልን፣ ለቸኮሌቱ እናመሰግናለን።» ከጽሑፏ ሥር ደግሞ የኩባንያው ባለቤት ራሱ በዚያው ሰዓት «ለእኔም አስቀሩልኝ» ብሏል።

ዳኛዋ ስልኩን ተቀብላ ቀኑንና ሰዓቱን ጮክ ብላ አነበበች። ከዚያ ጽሑፉን አነበበች። የባለቤቱን ደግሞ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሁለተኛው ለራሷ ደስታ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የኩባንያው ጠበቃ መዝገቡን ሕፃን የተኛበትን ክፍል በር እንደሚዘጋ ሰው ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ፍርዱ ሲመጣ ሙሉና ዘላቂ የአካል ጉዳት፣ ሙሉ ካሣ ይላል። ኮሮይ «ዘላቂ» የሚለው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ፤ ባሕሩን መሰናበቱ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ውሸታም ነው ማለታቸው ቀረ፣ አይደል?» አለኝ። እኔ በደስታ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ቼኩን ልንቀበል የተጠራን ቀን ከቤት ስንወጣ በሩ ላይ ቆመ።

«ባዶ እጃችንን?»

«ማን አለ ባዶ እጃችንን?» አልኩና ከጀርባዬ የያዝኩትን አሳየሁት። ያው ቸኮሌት ነው፤ ከሠፈራችን ሱቅ ገዝቼው። የዚያን ቀን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

በሩ ላይ ያው ጥበቃ እንደ ልማዱ ይግቡ አለን። እምቢ አልኩ። የሁለታችንንም ስም ገጹን የሚሞላ ፊደል አድርጌ ጻፍኩ። የዞራይዳ ጠረጴዛ ላይ ቸኮሌቱን አስቀመጥኩላት። ኮሮይ በምርኩዙ ተደግፎ ከአጠገቧ ቆመ። እኔም ስልኬን አወጣሁ።

«ቀና በይ» አልኳት፣ «ፈገግ በይ።»

ቀና ብላለች፤ ፈገግ ያለው ግን ኮሮይ ብቻ ነው። ፎቶውን እዚያው ቆሜ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት፤ ከሥሩም ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩበት።