የሁለት እህቶች ጭንቅላት

ዘጠኝ ዓመት ጀርባዬን አሞኝ፣ ዘጠኝ ዓመት የሚያምነኝ አጣሁ። ራጅ ብነሣ ንጹሕ፣ ደሜ ቢመረመር ንጹሕ። የምሠራው ታላቅ እህቴ ልብስ ስፌት ቤት ነው። እትዬ መቀሷን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «ያንቺ ጀርባ ደግሞ የዩኒፎርም ትእዛዝ ሲመጣ ይብስበታል» ትለኛለች። ይባስ ብሎ እኔ ራሴ፣ «እውነት ሰንፌ ይሆን እንዴ?» ማለት ጀምሬ ነበር። ይሄ ከሕመሙ በላይ አንገበገበኝ።

አንዲት ሐኪም፣ ሥር የሰደደ ሕመም አንጎል ውስጥ ብግነት፣ መቆጣት ማለት ነው፣ ይኖረው እንደሆነ በምስል እንደምታጠና ሰምቼ ተመዘገብኩ። ለማነጻጸሪያ በዕድሜ የሚቀርበኝ ጤነኛ ሰው እንዳመጣ ስትጠይቀኝ፣ «እህቴ አለች፤ ጤና ተርፏታል» አልኳት። እትዬም ዓይኗን ሳታሽ፣ «እሄዳለሁ፤ ጉድሽን አያለሁ» አለች።

ክንዳችን ላይ መድኃኒት ወጉን፤ ብግነት ያለበት ቦታ ተሰብስቦ ምስሉን ያደምቃል አሉ። ከዚያ በየተራ እንደ ቀለበት ክብ የሆነ ማሽን ውስጥ ገባን። አንድ ሰዓት ተኩል ሳይንቀሳቀሱ መተኛት! እኔ ጥርሴን ነክሼ ተወጣሁት። እትዬ ወገቧን ይዛ ወጣች።

«ኧረ ጀርባዬን ገደሉኝ!»

«በአንድ ሰዓት ተኩል? የኔን ዘጠኝ ዓመት አስቢዋ!» አልኳት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐኪሟ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አደረገቻቸው። የኔም ንጹሕ ከሆነ አለቀልኝ። «ይሄ ጥናት ነው፤ በአንድ ምስል ብቻ በሽታ አንለይም» ብላ ቀድማ አስጠነቀቀችን። ከዚያ በጣቷ አሳየችን። የእትዬ መሐል አንጎል ደብዘዝ ብሏል፤ የኔ እንደ ፍም ቀልቷል። «እዚህ ጋ ነው የሕመም መልእክት የሚያልፈው። የሌሎቹም ታማሚዎች ምስል እንዳንቺው ነው» አለችኝ።

እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሰው መታመሙ ሲነገረው ደስ ይለዋል? እኔን ደስ አለኝ። ለዘጠኝ ዓመት ያጠራቀምኩትን ላወርድባት ዞር ስል፣ እትዬ ታለቅሳለች።

«ስፌት ማሽኑ ላይ ያስቀመጥኩሽ እኔ አይደለሁ?» አለች። «እውነት ከታመምሽ ጥፋቱ የኔ ሊሆን ነው ብዬ ፈርቼ ነው ያላመንኩሽ።»

ስድቡን ትቼ በነጠላዬ ጫፍ እንባዋን ጠረግኩላት።

ጀርባዬን ዛሬም ያመኛል። ትናንት ሥራ መሐል፣ «እትዬ፣ አሞኛል» አልኳት። ቀና ሳትል አንድ ጥቅል ጨርቅ ወደኔ ገፋችልኝ።

«ተንተርሰሽው ጋደም በይ።»

ጋደም አልኩ። የጀመርኩትን እጅጌ እሷ ስትጨርስ፣ የማሽኑን ድምፅ እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።