በጎን የታየ ፊት

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የገና በዓል ባለፈ በሳምንቱ እሑድ፣ ጎባ ከተማ ውስጥ ሲኒማ አየሁ። የታየው ሁለት ፊልም ነው፤ አንደኛው ሰው የሌለበት፣ በሥዕል ብቻ የተሠራ፤ ሁለተኛው የህንድ። ከዚያ ቀን በኋላ በከተማው አስተያየት የማይሰጥ ሰው ጠፋ። የጠቅላይ ግዛቱ ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ሥራ ፈተው ስለ ህንዶች ጭፈራ ይከራከሩ ነበር። እኔ ግን ሠዓሊ ነኝና የኔን አስተያየት ከነሱ ጋር ባትደባልቁብኝ ደስ ይለኛል።

ሥዕል የተማርኩት ከጎጃም ተነሥቶ ባሌ ከገባው አባቴ ነው። ያስተማረኝ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ሰይጣን፣ አረመኔ ንጉሥ፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች፣ ሁሉም በጎናቸው ናቸው። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ በሩ ላይ ቆሞ ደጉን ከክፉው የሚለየው በዚህ ነው።

በዚያ ዓመት ለደብራችን የጸሎተ ሐሙስን እራት እሥል ነበር። ለጥር ንግሥ መጋረጃው ተገልጦ ሕዝቡ ሊያየው ነው። አሥራ አንዱ ሐዋርያት በሁለት ሁለት ዓይናቸው ተቀምጠዋል። የቀረው ይሁዳ ነበር። በጎኑ ሣልኩት፣ አንድ ዓይን ሰጠሁት፣ የታናሽ ወንድሜን የደምመላሽንም ፊት ሰጠሁት።

ሳላውቅ አይደለም፤ ዐውቄ ነው። እናታችን ስትሞት ደምመላሽ አልመጣም። የሚኖረው ሮቤ ነው፤ በጋሪ እንኳ ግማሽ ቀን አይፈጅም። በመንግሥት ሥራ ሩቅ ቆላ፣ ወደ ብድሬ ወርዷል አሉ። አንዲት እፍኝ አፈር ሳያለብሳት ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት አቧራ ለብሶ ደጄ ሲቆም ፊቴን አዞርኩበት፤ የሚለውን ሳልሰማ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ገበያም ለቅሶ ቤትም ሲያጋጥመኝ፣ ፊቴን እያዞርኩ አልፈዋለሁ። የሆዴን ደግሞ በቀለም ተወጣሁት።

የደብሩ አስተዳዳሪ መምህር ገብረ መድኅን አንድ ቀን መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ይሁዳን ብዙ አዩት።

«ይህ ሰው ሮቤ ነው መሰል የሚኖረው» አሉ።

«ይሁዳ ነው፣ አባታችን» አልኳቸው።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። የንግሡ ዕለት ደምመላሽ ከነልጆቹ ይመጣል። ሕዝቡም ያውቀዋል። ቀኑ ሳይደርስ አስብበት፣ ልጄ።»

አስቤ ነው የሣልኩት አልኩ በልቤ፤ በአፌ ግን እሺ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

ሲኒማውን ያመጣው ፈቀደ የሚባል ባለ መኪና ነው፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ ፊልም ያሳያል። አንዱን አዳራሽ ይዞ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ደፈናቸው፣ ፊት ለፊት አቡጀዲ ወጠረ። ሚስቴ ጠጄ ካልሄድን ብላ ጨቀጨቀችኝ። ቀትር ነበር፤ ከውጭ የሳነቲ ተራራ ብርድ ይጋረፋል፣ ከውስጥ በሰው ትንፋሽ ይሞቃል። ጋቢያችንን እንደተከናነብን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

መብራቱ ጠፋ። ከኋላችን አንድ ነገር እንደ ወፍጮ ያጉረመርም ጀመር፤ በራሳችን ላይ ብርሃን አለፈ፤ አቡጀዲው ላይ ቀበሮ ወጣ። ሥዕል ነው። ጠርዙ በጥቁር የተከበበ፣ ውስጡ እንደኔው በብሩሽ የተሞላ ሥዕል። እግሩን አነሣና ሄደ።

ሠላሳ ዓመት የሣልኳቸው ቅዱሳን አንድ እርምጃ ተራምደውልኝ አያውቁም። አማተብኩ። አላፍርበትም።

ቀበሮው የገባው በጎኑ ነው። አንድ ዓይን። «ክፉው እሱ ነው» አልኳት ለጠጄ። ከጎናችን የነበሩት ሰሙ፤ ሠዓሊው ያለውን ማን ይጠራጠራል፣ «ክፉው እሱ ነው» እየተባለ ወሬው እስከ በሩ ደረሰ። ቀጥሎ ዶሮ መጣች፤ ፊት ለፊት ቆማ በሁለት ዓይኗ ስታየን አሮጊቶቹ «እሰይ የኔ ጻድቅ» አሏት። ቀበሮው ወደ ጫጩቶቿ ሲጠጋ አዳራሹ በሙሉ ይረግመው ጀመር።

አንዷ ጫጩት ወንዝ ውስጥ ወደቀች። ቀበሮው ዘሎ ገባ፤ በጥርሱ አንጠልጥሎ አወጣት፤ ቀስ ብሎም ወደኛ ዞረ። ከአፍንጫው ማዶ ሁለተኛው ዓይን ብቅ አለ። ዶሮዋ ደግሞ ተቆጥታ ልትነቁረው በጎኗ ስትዞር አንድ ዓይኗ ጠፋ።

«ኧረ የቱን እንርገም?» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት።

ፊልሙ ሲያልቅ ፈቀደ ሁለተኛውን እስኪጭን ድረስ መብራቱ በራ። ሄጄ ያንን ሥዕል አሳየኝ አልኩት። ከጥቅሉ አንድ ክንድ የሚያህል ፈትቶ፣ የመስኮቱን ብርድ ልብስ ገለጥ አድርጎ፣ የማጉያ መነጽር ሰጠኝ። ተደርድረዋል፤ ያው ቀበሮ፣ ያው ቀበሮ፣ ያው ቀበሮ። አንዱ ከአንዱ የሚለየው በፀጉር ስንጣቂ ነው። ባለ አንድ ዓይኑን አገኘሁት። ከሱ ጀምሬ ሁለተኛው ዓይን ሞልቶ እስኪወጣ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ሥዕል ነው። እኔ አንድ ፊት ሥዬ ለመጨረስ ሳምንት ይፈጅብኛል፤ እነዚህ ሰዎች አንድ ቀበሮ ፊቱን እንዲያዞር ብለው ዘጠኝ ጊዜ ሥለዋል።

«የሣለው ሰው መነኩሴ ነው?» አልኩት።

«ብዙ ናቸው አሉ፣ ጋሼ፤ እኔ አላየኋቸውም» አለኝ። ስንት ሱባኤ ቢገቡ ነው ይህ ትዕግሥት የመጣላቸው እያልኩ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

የህንዱ ፊልም ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ ጨርቅ ነጋዴው አሊዪ ካቡጀዲው አጠገብ ቆሞ ይነግረናል። ኤደን ወደብ ሳለ ከህንድ ነጋዴዎች ጋር ሠርቷል፤ አንዱን ነገር አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ይለዋል። አስተያየቴን ልስጥ። ጀግናው አሥራ ሁለት ሰው ደብድቦ ጸጉሩ አለመበተኑ ውሸት ነው። ልጅቷ አንድ ዘፈን ሳያልቅ ሦስት ልብስ ቀይራለች፤ የት እንደቀየረችው እግዜር ይወቅ። ቀለሙ ግን! ያንን ቀይ፣ ያንን የሽንብራ አበባ የመሰለ ሐምራዊ እኔ በጥብጬ አላገኘሁትም፤ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ዛፍ ከበው ሲዘፍኑ አሊዪ ዝም አለ።

«ምን ይላሉ?» ብለው ጮኹበት።

«ዱቢን ጃለላ። ነገሩ ፍቅር ነው፤ ወላሂ ትርጉም አይፈልግም» አለ።

ኋላ ላይ ጀግናው ሩቅ አገር ሳለ እናቱ ሞተች። ባቡር ቢሳፈር ባቡሩ ቆመ፤ በእግሩ ሮጠ። ደረሰ። አሊዪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘገየ፤ እነሱ ሬሳ ያቃጥላሉ፤ ያገኘው አመዷን ነው» አለ። አዳራሹ በለቅሶ ታመሰ።

ያኔ ነው ደምመላሽን ያየሁት። ሦስት አግዳሚ ቀደም ብሎ፣ ወደ ዳር ተቀምጧል። የፊልሙ ብርሃን በጎኑ አርፎበታል፤ ግንባሩ፣ የአፍንጫው ጉብታ፣ አንድ ዓይኑ። መስመሩን አልሳትኩትም፤ ሥዕሌ ቁርጥ እሱን ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው።

እንባውን ሊጠርግ ነጠላውን ፈለገ መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ ወደኛ ዞረ። ሁለተኛው ዓይን ከአፍንጫው ማዶ ሲወጣ ጠበቅሁት። ያለቀሰው በሁለቱም ነው። እናታችን ስታለቅስ እንዲህ ነበር፤ የታች ከንፈሯን ነክሳ፣ ድምፅ ሳታሰማ። አየኝ። አንገቴ የለመደውን ሊያደርግ ጀመረ፤ መዞር። ገና ስዞር እሱ ምን እንደሚያይ ገባኝ። ግማሽ ፊት፣ አንድ ዓይን። ሦስት ዓመት ሙሉ ከኔ ያየው ይህንን ነው። አንገቴን መለስኩ፤ ከባድ በር እንደመግፋት ነበር።

ሲያበቃ ውጭ ቆሞ አገኘሁት። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ዓይናችን በብርሃኑ ተወጋ።

«ጋሼ» አለ።

«ያን ጊዜ ደጄ ቆመህ ምን ልትለኝ ነበር?» አልኩት።

«ደብዳቤው ብድሬ የደረሰኝ ከተቀበረች በሰባተኛው ቀን ነው። በቅሎዬን በግልቢያ መንገድ ላይ ገደልኳት። ይኸው ነው፣ ሌላ የምለው አልነበረኝም።»

ጠጄ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየችና ጋቢዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ በመንገዱ መሐል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ።

ንግሡ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። በማግሥቱ ይሁዳን በነጭ ቀለም ደፈንኩት። ሕጉን አልሻርኩም፤ ይሁዳ እንደገና በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይን ይኖረዋል። ፊት ግን ያስፈልገው ነበር። ጨለማው ጓዳ ገብቼ ጠጄን ኩራዝ አብሪና የፊቴን ጥላ ግድግዳው ላይ በከሰል አስምሪልኝ አልኳት።

«ምን ልታደርገው?»

«አስምሪልኝ ብቻ።»

አሰመረችው። ከዚያ ራቅ ብላ አየችውና «አንተ ሰው፣ ስትቆጣ እንዲህ ነው የምትመስለው» አለችኝ። በወረቀት ገልብጬ ወሰድኩት። መምህር ገብረ መድኅን ሥዕሉን ሲያዩ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ ረዘም አድርገው ያዙት።

የንግሡ ዕለት ደምመላሽ ከነልጆቹ መጣ። መጋረጃው ተገልጧል፤ ሕዝቡ ይጋፋል። ሐዋርያቱን አንድ በአንድ ለልጆቹ አሳያቸው። ይሁዳ ጋ ሲደርስ ወደ ሥዕሉ ተጠጋ።

«ይህንን ሰው ዐውቀዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ ያየሁት ፊት ነው።»

አጠገቡ ቆሜ ነበር። በሁለት ዓይኔ እያየሁት «እሱ ነው» አልኩት።