ጉድጓዱን ማን አስቆፈረው?

በሕንድ አገር፣ በዳርዋድ ከተማ በሚታተም አንድ ትንሽ ጋዜጣ ላይ «የሰፈራችን ታሪክ» የምትባለውን የእሁድ ዓምድ የምታዘጋጀው ሱማንጋላ ነበረች። ሥራ ከያዘች ገና አራት ወሯ ነው። ብዕሯ ፈጣን ነው፤ አንዳንዴም ከእግሯ ይቀድማል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሻይዋን ፉት ሳትል፣ ጃስሚን አበባ የሚሸጡት ባልቴት ጋንጋቫ ጋዜጣውን እንደ ዱላ ጠቅልለው ቢሮ ገቡ።

«የአያቴን ጉድጓድ ለነጋዴ ያወረስሽው አንቺ ነሽ?»

ሱማንጋላ ክው አለች። የሸማኔዎች ሰፈርን የውሃ ጉድጓድ ከመቶ ዓመት በፊት ያስቆፈሩት አንድ ባለጸጋ የጥጥ ነጋዴ ናቸው ብላ የጻፈችው ትናንት ነው።

«እማማ፣ እኔ እኮ ከመጽሐፍ ነው ያገኘሁት።»

«ከየትኛው መጽሐፍ?»

«የነጋዴው ቤተሰብ... ለልጃቸው ሠርግ ካሳተሙት።»

«እሰይ! የሠርግ መጽሐፍ እኮ ሙሽራውንም ቆንጆ ነው ይላል። አይተሽዋል?»

የጋዜጣው አዘጋጅ ፓንዱራንጋ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ።

ጋንጋቫ እንደሚሉት፣ ጉድጓዱ ውስጥ የአያታቸው ስም የተቀረጸበት ድንጋይ አለ። የሚታየው ውሃው ሲጎድል ብቻ ነው፤ እሳቸውም በልጅነታቸው አይተውታል። ወሩ ደግሞ ሚያዝያ ነው፤ ውሃው እታች ወርዷል።

«በይ ተነሺ» አሉ አዘጋጁ። «ተቀምጠሽ የጻፍሽውን ወርደሽ አጣሪ።»

ጉድጓዱ ዘንድ ስትደርስ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነበር። ወገቧን በገመድ አሰሩላት፤ አራት ሸማኔዎች ጫፉን ያዙ። የጋንጋቫ ጎረቤት ኒላቫ ከደጃፋቸው ሆነው ያያሉ። ፍየላቸው የጋንጋቫን አንድ ቅርጫት አበባ ከበላች ወዲህ፣ ሁለቱ ባልቴቶች ለአሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈዋል።

«የሷ አያት ጉድጓድ ልታስቆፍር!» አሉ ኒላቫ፣ ለማንም ሳይሆን ለሰማይ። «እንስራ ማንሳት የከበዳት ሴትዮ!»

ሱማንጋላ ጫማዋን አውልቃ ከግድግዳው የወጡትን ድንጋዮች እየረገጠች ወረደች። ከውሃው በላይ ድንጋዩን የሸፈነውን አረንጓዴ ሽበት በኮኮናት ልጣጭ ስትፈገፍገው ፊደል ብቅ አለ። የሰባት ሴቶች ስም ነው። ከሥሩ «አምባራችንን ሸጠን አስቆፈርነው» ይላል።

ስሞቹን አንድ በአንድ እየጮኸች አነበበች። ሦስተኛዋ የጋንጋቫ አያት ናቸው። ከላይ እልልታ ተሰማ።

«አራተኛ! የሸማኔው የማላፓ ሚስት፣ ቱንጋቫ!»

እልልታው ቆመ። ኒላቫ ወደ ጉድጓዱ አፍ እየሮጡ መጡ። «ድገሚው እስቲ፣ ልጄ! ምን አልሽ? እሷ እኮ አያቴ ናት!»

ሱማንጋላ ተጎትታ ስትወጣ ሁለቱ ባልቴቶች ጎን ለጎን ቆመዋል።

«አያትሽ ከአያቴ ቀጥላ ነው የተጻፈችው፤ ልብ በይ» አሉ ጋንጋቫ።

«ብትቀጥልስ? ሦስተኛ ሆኖ ኩራት!»

«ነይ ባክሽ፣ ጸሐዩ ይመታሻል» ብለው ጋንጋቫ የኒላቫን እጅ ይዘው ወደ ጥላው ወሰዷቸው።

በሚቀጥለው እሁድ ዓምዱ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ጀመረ፤ ሰባቱም ስሞች ወጡ። ሱማንጋላ እንዲህ ብላ ስትጽፍ አፍራ ነበር፤ ጋዜጣው ግን ከቀትር በፊት አለቀ። ከዚያ ወዲህ ከመጻፏ በፊት ቤት ለቤት መዞር ልማዷ ሆነ። ዝናቡ እስኪገባ ድረስ የሌሎች አራት ሴቶችን ዘሮች አገኘች። የሰባተኛዋን ግን እስካሁን የሚያውቅ አልተገኘም፤ አሁንም እየጠየቀች ነው።