ሰባት ፍሬ ከሚሽኑ ሐረግ

ጋሽ ዓለምሰገድ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ኖረው ጡረታ ወጡ። የከተማውን መንገድ አብጠርጥረው ያውቃሉ። ሚስታቸው ለተማርያም ግን መሪ ጨብጣ አታውቅም፤ የትም ብትሄድ የሚያደርሷት እሳቸው ናቸው። አንድ ቦታ ብቻ አላደርስሽም አሏት።

ነገሩ የተጀመረው ልባቸውን ኦፕራሲዮን በሆኑ ዓመት ነው። ለተማርያም ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማ ተሳለች፦ «ገብርኤል፣ ይህን ሰው ካተረፍክልኝ፣ በስምህ ከሚጠራው ቦታ ወይን ዘቢብ አድርጌ ለቤተ ክርስቲያን አስገባለሁ።» የዚያን ቦታ የወይን ሐረግ ያየችው በምትንከባከባቸው አሮጊት ቤት፣ የግድግዳ ካላንደር ላይ ነው። የጥንት የእስፔን መነኮሳት ለቅዳሴያቸው ወይን ይጠምቁበት የነበረ ግቢ መሆኑን ሴትዮዋ ነገሯት።

ጋሼ ዳኑ። አንድ እሑድ ፌርፋክስ መንገድ ላይ መብራት ይዟቸው ሳለ፣

«ዓለሜ፣ መቼ ነው የምትወስደኝ?» አለች።

«የት?»

«ሳን ጌብሪየል ሚሽን።»

«ሚሽን?» መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ አልነዱም። «አባቴ ሚሽን ከምትማር ደንቁረህ ቅር ብሎ ከትምህርት ያስቀረኝን ሰውዬ፣ በስተርጅና ጴንጤ ልታደርጊኝ ነው?»

«የካቶሊክ ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ! ስሙም የኛው ገብርኤል ነው።»

«ሚሽን ሚሽን ነው።»

ከኋላ ክላክስ ተነፋባቸው። ለተማርያም ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

አራት መስከረም ጠየቀቻቸው። በአምስተኛው አልነበረችም።

በአምስተኛው ብቻቸውን ወደ ሚሽኑ ነዱ። አርባ ደቂቃ ነው። ሞተሩን አጥፍተው መኪናው ውስጥ ሌላ አርባ ደቂቃ ተቀመጡ።

ወፍራም ግንብ፣ የተደረደሩ ስድስት ደወሎች። ገብተው ሰባኪ ጠበቁ፤ የሚሰብካቸው አልመጣም። ባልና ሚስት ጎብኚዎች ስልካቸውን ሰጧቸው፤ ጋሼ ፎቶ አነሱላቸው። «አንተስ? እናንሳህ?» ሲሏቸው በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሐረጉ ግንዱ እንደ ሰው ወገብ ወፍሯል። ፍሬው ከላይ፣ እጅ የማይደርስበት ነው። ግቢ ጠራጊው መቁረጥ ክልክል መሆኑን በእጁ አሳያቸው። ትንሽ አያቸውና መሬት የወደቀውን በመጥረጊያው ጫፍ ወደ እግራቸው ገፋ አደረገላቸው። ሰባት ፍሬ፣ ፀሐይ ግማሽ ያደረቃቸው። በመሐረብ ቋጠሩ።

ፍሬውን ቤታቸው አጥበው በረንዳ ላይ አሰጡ። ወፍ እንዳይለቅምባቸው ወንበር አወጡ። ሁለት ወንበር ነው ያለው፤ አንዱን አወጡ። ሦስት ሳምንት፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ሰባት ፍሬ ጠበቁ።

በጥቅምት ገብርኤል ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘው ሄዱ። የተቀበላቸው ከመጣ ሁለት ወር ያልሞላው ዲያቆን ኢዮኤል ነው። መሐረቡን ፈቶ አየ።

«ጋሼ፣ ሰባት ፍሬ ብቻ?»

«ስለት ነው።»

«የማን?»

«የለተማርያም። አርፋለች።»

ዲያቆኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኦኬ፣ ከሌላው ዘቢብ ጋር ይዘፈዘፋል። ስለ ምን ነበር የተሳሉት?»

«ስለ ባሏ። ልቡን ታሞ።»

«ታዲያ ዳኑ?»

ጋሽ ዓለምሰገድ ባዶውን መሐረብ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። እጃቸው እዚያው የመኪናቸውን ቁልፍ ነካ።

«ብቻውን ይነዳል» አሉ።