ከፊልሙ ግርጌ የታየችው መስመር

በላብራቶሪው ውስጥ ተመራማሪዋን «ግትሯ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ፕሮፌሰሩ ናቸው፤ አንድ ነገር ካልገባት አትለቅምና። ሦስት ወር ሙሉ ያልገባት ነገር ይህ ነበር፦ ብረት የተነፈጋቸው ባክቴሪያዎች ብረት የሚፈጅ አንድ ፕሮቲን መሥራት ያቆማሉ። ዘረመሉ ደህና ነው። የፕሮቲኑን አሠራር ከዘረመሉ ቀድቶ የሚያደርሰው መልእክተኛው አር ኤን ኤ እንደ ልብ አለ። ታዲያ መልእክቱ ደርሶ ሳለ ሥራውን ማን አስቆመው?

አንድ ማለዳ የባክቴሪያዎቹ አር ኤን ኤ በየመስመሩ የታተመበትን ፊልም መብራት ላይ ዘርግታ ስትመረምር፣ ከግርጌው ሳሳ ያለች አጭር መስመር አየች። ያለችው ብረት የተነፈጉት ዘንድ ብቻ ነው፤ ጠግበው ያደሩት ዘንድ የለችም።

«ፕሮፌሰር፣ ይቺን አዩልኝ?»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ አሉ። «የተበጣጠሰ አር ኤን ኤ ነዋ! ውዳቂ።»

«ውዳቂ ብትሆንማ ሁሉም ጋ ትገኝ ነበር።»

«አይ ግትሯ! በይ እንግዲህ፣ አፍሽ ሳይሆን ሙከራሽ ያሳምነኝ።»

ይህን ፈቃድ ነበር የምትፈልገው። የትንሿን አር ኤን ኤ ፊደላት አስነበበች፤ ከመልእክቱ መጀመሪያ ጋር ስታስተያያቸው እንደ ዚፕ ጥርስ ግጥም አሉ። ልቧ ዘለለ። ለካ ትንሿ መልእክቱ ላይ ተለጥፋ እንዳይነበብ ታፍነዋለች! ግምት ግን ግምት ነው። ትንሿ የምትሠራበትን ዘረመል ከባክቴሪያዎቹ አውጥታ እንደገና ብረት ነፈገቻቸው።

ፕሮቲኑ ደምቆ ወጣ። ብረት ሳይኖር!

ጩኸቷን ሰምተው ፕሮፌሰሩ ከቢሯቸው ሮጠው መጡ። ውጤቱን አዩ። «መልሰሽ አስገቢያት» አሉ። «ስትመለስ ፕሮቲኑ ከጠፋ፣ እጄን እሰጣለሁ።»

በሳምንቱ መልሳ አስገባቻት። ፕሮቲኑ ድራሹ ጠፋ። ፕሮፌሰሩ ወንበር ስበው ዘጭ አሉ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይቺን እመቤት ውዳቂ ነሽ እያልኩ ስጥላት ኖርኩ!»

እሷ ነጭ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ደረጃው ወጥታ ለልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ ደወለች።

«እትዬ! አገኘኋት!»

«ማንን? ደግሞ ምን ጠፍቶሽ ነበር?»

«ፕሮቲኑን የምታስቆመውን! ትንሽዬ ናት፣ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም...»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። «አንዱም አልገባኝም» አለች እህቷ እየሳቀች፤ «ድምፅሽ ግን ደስ አሰኝቶኛል። በይ ቀስ ብለሽ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጀመረችላት።