ወደ ምሥራቅ አሥራ ሁለት ማይል

ብዙነህ የራሱን የእጅ ጽሑፍ ሲያይ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ተገኝ የሚባለው ሰው ከለንደን ድረስ መጥቶ፣ ስዊድን ውስጥ ፊቲያ በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የብዙነህ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖረው ፎቶ ኮፒ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት በብዙነህ እጅ የተሞላ የአንድ የጥበቃ መርከብ ዕለታዊ መዝገብ ገጽ ነው። ፊደሎቹ አንድም ሳይዛነፉ ተሰልፈዋል።

«የእርስዎ ጽሑፍ ነው አይደል፣ አቶ ብዙነህ?»

«ታዲያ የማን ሊሆን!» አለ ብዙነህ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያስጠጋ። «መርከቧ እንደዚያ እየተናጠች እንኳ መስመር አልሳትኩም። እየው እስቲ!»

ስዊድን ከገባ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ባሕር ሥራው የጠየቀው ሰው የለም። በሚሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ የሚታወቀው አንሶላ ሳይጨማደድ በማጠፍ ነው። ሚስቱ ለምለም ራሷ፣ ስለ አሰብ ወሬ ሲጀምር «ደግሞ ባሕር ገባህ» እያለች ታሾፍበታለች። ዛሬ ግን ለባሏ ብሎ ከለንደን ሰው ሲመጣ ጊዜ፣ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ደህናዎቹን ብርጭቆዎች አውጥታ ደርድራ ሄዳለች።

ተገኝ ጉዳዩን ረጋ ብሎ አስረዳው። ቀይ ባሕርን የሚጋሩ ሁለት ጎረቤት አገሮች፣ አንዱ በምዕራብ ዳርቻ፣ አንዱ በምሥራቅ ዳርቻ ያሉ፣ በአንዲት ደሴት ተጣልተዋል። ደሴት ማለትም እሷን ማቆላመጥ ነው፤ ዓሣ አጥማጆች ሐጀር የሚሏት፣ አሥር ፍየል የማታሰማራ ድንጋይ ናት። በዙሪያዋ ግን ዓሣው ይርመሰመሳል፤ ድንጋይዋን ያገኘ ባሕሩንም ያገኛል። ክርክሩ ዳኞች ፊት ቀርቧል። ተገኝ የሚሠራው ለምዕራቡ አገር ጠበቆች ነው፤ የድሮውን መርከብ መዝገብም የወረሰው ይኸው አገር ነው።

«ዳኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው» አለ። «እዚያ ቦታ ማን ያዝዝ ነበር? የሌላ አገር ዓሣ አጥማጅ ሲገባ ማን ያዘ፣ ማን አስወጣ? ይኸው እርስዎ ጽፈውታል።» በጣቱ እየተከተለ አነበበው። «‹በሐጀር ደሴት አጠገብ ያለ ፈቃድ ሲያጠምድ የተገኘ አንድ ሳንቡክ ጀልባ ከነሰባት ሰዎቹ ተይዞ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት፣ ከክልላችን ወጥቶ ተለቋል።› ከሥሩ ‹ጽሑፉ የእኔ ነው፤ የተጻፈውም እውነት ነው› ብለው ቢፈርሙልን ይበቃናል።»

የብዙነህ ደስታ እዚያ ላይ ቀዘቀዘ። ጽሑፉ የእሱ ነው። እውነት ግን አይደለም።

ገጹ በተጻፈበት ኅዳር ስንቅ ከተቋረጠባቸው ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። መርከበኛው በረሃብ ሲነጫነጭ አዛዡ ሐጀርን አልፎ ወደ ምሥራቅ ነዳ። አሥራ ሁለት የባሕር ማይል ያህል ከሄዱ በኋላ፣ በሰው ባሕር፣ ዓሣ የሞላች ሳንቡክ አገኙ። ሰባት ሰዎች ነበሩባት። ዓሣውን ወሰዱ። ወደብ ገብተው እንዳይከስሱ ብለው ናፍጣቸውንም ቀዱት። ያን ጊዜ የደቡቡ ነፋስ ተነሥቷል። ብዙነህ መዝገቡን ሲከፍት አዛዡ ከኋላው ቆሞ «ሐጀር ብለህ ጻፍ» አለው። ጻፈ፤ ያውም አሳምሮ። ያቺን ሳንቡክ ከዚያ ወዲያ አየሁ የሚል ሰው አላጋጠመውም፤ እንዲያጋጥመውም አልፈለገም።

«ነገሩን በደንብ አላስታውሰውም» አለ ወረቀቱን ወደ ተገኝ እየገፋ።

ተገኝ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ውሃውን ተጎነጨና ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠ።

«የምሥራቆቹም ጠበቃ አላቸው፣ አቶ ብዙነህ። የሰባት ሰዎች ስም ይዘው ወዴት ገቡ እያሉ ይዞራሉ። አዛዡ ሞቷል። እዚህ ገጽ ላይ የቀረው ስም የእርስዎ ብቻ ነው። ጽሑፉ እውነት ነው ካሉ ሰዎቹ ተለቀዋል፤ አለቀ፣ ደቀቀ። እውነት አይደለም ካሉ ግን…» ትከሻውን ሰበቀ። «እዚህ አገርም ፖሊስ የድሮ ነገር መጠየቅ ጀምሯል ይባላል። እኔ ነገ ከሰዓት በኋላ እበራለሁ፤ እስከዚያ ያስቡበት።» የሆቴሉን አድራሻ ትቶለት፣ በአክብሮት እጅ ነሥቶ ወጣ።

ኅዳር ነውና ቀትር ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ጨለመ። ብዙነህ መብራት ሳያበራ እንደተቀመጠ ሸኪብን አሰበ።

ሸኪብ ፊቲያ ሴንትሩም በሚባለው የገበያ ማዕከል ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለው። የወሎ ልጅ ነው፤ አሰብ ተወልዶ ያደገ፣ ከብዙነህ በአሥራ አምስት ዓመት የሚያንስ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ሜላረን ሐይቅ ዳር ቆመው በመንጠቆ ያጠምዳሉ። እዚህ ሐይቅ ላይ መንጠቆ ለሚጥል ሰው «ፈቃድህን አምጣ» የሚል የለም፤ ሸኪብ በየሳምንቱ ይህን እያነሣ እንደ አዲስ ይገረማል። መገረሙም በምክንያት ነው። ታላቅ ወንድሙ ታሪቅ በጦርነቱ ጊዜ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በምሥራቁ ዳርቻ አግብቶ ወልዶ፣ ልጆቹን የሚያሳድገው ሐጀር አካባቢ በሚያጠምደው ዓሣ ነው። የብዙነህ ፊርማ ድንጋይዋን ለምዕራቡ አገር ካስገኘ፣ ታሪቅ በኖረበት ባሕር ላይ ሌባ ተብሎ ሊታደን ነው። ካልፈረመ ደግሞ የሰባቱ ሰዎች ጥያቄ የሚመጣው እሱ ላይ ነው።

ለሸኪብ ሁሉንም ሊነግረው ቆርጦ ወጣ። ሱቁ ሲደርስ ሸኪብ ስልክ ይዞ ነበር፤ ሲያየው ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ አላህ ነው ያመጣዎት! ታሪቅ ነው፣ መስመር ላይ ነው። ዓሣው ወደ ሐጀር ገብቷል ይላል፤ የምዕራቦቹ የጥበቃ መርከቦች ግን አላስጠጋ ብለዋቸዋል። እርስዎ ያንን ባሕር ያውቁታል፤ የት ቢያጠምድ ይሻለዋል?»

ብዙነህ ያሰበውን ሊዘረግፍ አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ከሐጀር ይራቅ» አለ። «ወደ ምሥራቅ አሥራ ሁለት ማይል ይሂድ። እዚያ ማንም አይነካውም።»

ይህን ሲል አልዋሸም፤ ጉዱም ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀን ላይ እውነቱ ትዝ ብሎት የነበረ ቢሆንም፣ ሰባቱ ሰዎች የተያዙት ሐጀር አጠገብ ነው እያለ ለአሥራ ስምንት ዓመት ለራሱ ሲደግምለት ኖሮ፣ የምሥራቁ ባሕር በሐሳቡ ውስጥ ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል። ሌላ ሰው ቢሆን «እዚያማ ራሳችን ገብተን ዘርፈናል» ብሎ ይደነግጥ ነበር። ብዙነህ ግን የገዛ መዝገቡን አመነ። በዚያ ላይ ምክሩ ለእሱም ተስማማው፤ ታሪቅ ከዳነ መፈረም ይቻላል ማለት ነው።

ሸኪብ ቃል በቃል ለወንድሙ አስተላለፈ። ስልኩን ዘግቶ «ታሪቅ እጅዎን ሳምልኝ ብሏል» አለና እውነትም ሊስመው ጎንበስ ሲል፣ ብዙነህ እጁን ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ቱነልባና በሚሉት የከተማ ባቡር ተሳፍሮ ወደ መሐል ከተማ ሄደ። ተገኝ ሆቴሉ በር አጠገብ ሻንጣውን ይዞ ይጠብቀው ነበር። ብዙነህ ቆሞ ፈረመ። «ከእንግዲህ የሚያስቸግርዎት አይኖርም» አለ ተገኝ፣ ወረቀቱን እያጠፈ። ብዙነህ ወደ ፊቲያ ሲመለስ ቀለል ያለው መስሎት ነበር፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለው።

ታኅሣሥ ላይ የምዕራቡ አገር በሐጀር ዙሪያ ጥበቃውን አጠናከርኩ ብሎ በሬዲዮ ተናገረ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ቅዳሜ ዕለት ሸኪብ ወደ ሐይቁ ሳይመጣ ቀረ። ብዙነህ ሱቁ ሄዶ ሲያየው ዓይኑ ደም መስሏል። ታሪቅ ሰኞ ከአምስት ሰዎች ጋር ወጥቷል፤ ሌሎቹ ጀልባዎች ሐሙስ ተመልሰዋል፤ የእሱ የለችም። የወደቡ ሰዎች የምሥራቁን ባሕር እያሰሱ ነው።

«ሞተር ተበላሽቶበት ይሆናል» አለ ብዙነህ።

«እርስዎ ያሉት ቦታ እኮ ነው የሄደው ጋሼ። እዚያ ማን ይነካዋል?» አለ ሸኪብ። ብዙነህ ተለይቶት ወጣና ከሴንትሩሙ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ። ወጪ ወራጁ ሰላም ሲለው አይሰማም። ፈርቷል፤ የሚፈራውን ነገር በስሙ መጥራት ግን አልሆነለትም።

እሑድ ከረፋዱ በሩ በኃይል ተንኳኳ። ሸኪብ ነው፤ ደረጃውን እየሮጠ ወጥቶ ያለከልካል፤ እየሳቀም እያለቀሰም ነበር። በእጁ ከኢንተርኔት ያተመው ወረቀት አለ።

«አልሐምዱሊላህ! ጋሼ፣ ተገኝተዋል! ይኸው፣ ራሳቸው የምዕራቦቹ አውጥተውታል!» ቆሞ እንዳለ ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበለት። «‹በሐጀር አጠገብ ያለ ፈቃድ ሲያጠምድ የተገኘ ጀልባ ከነስድስት ሰዎቹ ተይዞ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት፣ ከክልላችን ወጥቶ ተለቋል።› ተለቋል ይላል! ያ ደረቅ እኮ የመከርነውን ሳይሰማ ሐጀር ሄዷል! ይምጣ ብቻ፣ ወላሂ፣ እነግረዋለሁ! ምሥራቁን ሲያስሱ የነበሩትን ጀልባዎችም ሁሉንም ወደ ሐጀር መለስናቸው፤ እነታሪቅ እየመጡ ስለሆነ መንገድ ላይ ያገኟቸዋል።»

ብዙነህ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ይህን የጻፈው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ምን እያየ እንደጻፈው ግን ያውቃል፤ ቃሉ የራሱ የብዙነህ መዝገብ ነው። ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም። ሸኪብ ወንድሙን ደረቅ እያለ፣ ከዚያም እያለቀሰ ይኖራል፤ የብዙነህም ስም ንጹሕ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበው፤ ማሰቡም አሳፈረው።

«ውሸት ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ሐጀር የሚለው። ወንድምህ የተያዘው እኔ ሂድ ያልኩት ቦታ ላይ ነው። አሁኑኑ ደውል! ጀልባዎቹን ወደ ምሥራቅ መልሳቸው፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ይፈልጉ፣ ነፋሱ የሚገፋው ወደዚያ ነው። ሞተር የሚያስነሣ ናፍጣ የላቸውም።»

«ጋሼ፣ ተለቀዋል እኮ ነው የሚለው!»

«እኔም ተለቋል ብዬ ጽፌያለሁ።»

ሸኪብ አልገባውም፤ ግን የብዙነህን ፊት አየና ደወለ። በዓረብኛ እየጮኸ፣ ምሥራቅ፣ አሥራ ሁለት ማይል፣ ሰሜን እያለ ደጋገመላቸው። ከሐጀር እስከዚያ ብዙ ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ነፋሱም እንደበረታ ነገሩት። ስልኩን ሲዘጋ ብዙነህ ሳይጠየቅ ተናገረ፤ ረሃቡን፣ ሳንቡኳን፣ ሰባቱን ሰዎች፣ አዛዡ ያለውን፣ ተገኝንና ፊርማውን። ሁሉንም የተናገረ መሰለው፤ ይቅር በለኝ ለማለት ግን አንደበቱ አልደፈረም።

ሸኪብ አልጮኸም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና በጣቶቹ ቀኖቹን ቆጠረ።

«ዛሬ ሰባተኛ ቀናቸው ነው» አለ። ጋሼ የሚለው ቃል ከአፉ ጠፍቷል። «እነዚያ ሰባት ሰዎች… ውሃስ ነበራቸው?»

«ሁለት ጀሪካን ነበራቸው» አለ ብዙነህ። «ጀሪካኖቹን በገዛ እጄ ነው ያሻገርኳቸው።»

«ወደ እነሱ?»

«ወደ እኛ።»