የሳፋው ሻማ

መላቲ አስሪ የሚባለው ሰፈራችን ጎህ ሳይቀድ ነቅቶ ፀሐይ ስትወጣ ጭር ይላል። ልጄ ጋቶትና ሚስቱ ኤርሊና በአንድ ሞተር ተፈናጠው ወደ ባቡር ጣቢያው ይበራሉ። የማዶውም ሰው፣ የጥጉም ሰው እንዲሁ ነው። ጃካርታ ውለው ሲመለሱ መሽቷል። የግቢው በር ሁሉ ተቆልፎ፣ እኔና የሰፈሩ ድመቶች ብቻ እንቀራለን።

ቤቱን አልጠላውም። ድሮ በኖርንበት ጠባብ መንገድ ጎርፍ በገባ ቁጥር ፍራሻችንን ተሸክመን እንወጣ ነበር። እዚህ ጎርፍ የለም፤ የራሳችን ማንጎ በደጃችን አለ፤ የቧንቧውም ውሃ አይሸትም። ግን ልጆቼ፣ እዚያ ጎረቤቴ ምን እንደምትጠብስ በሽታው አውቅ ነበር። ባሏ ሲቆጣ እሰማ ነበር፤ እሷም የእኔን ሳል ትሰማለች። እዚህ ወድቄ ብሰበር የሚያነሳኝ ማታ ከባቡር የሚወርደው ልጄ ነው። ስለማንም ምንም ስለማናውቅ ደግሞ ሁሉንም እንጠረጥራለን።

ቀን ቀን የምትጠይቀኝ አንዲት ነፍስ ነበረች፤ ኪናንቲ ትባላለች። ቤታችንና ቤታቸው የሚለየው በአንድ ግድግዳ ነው፤ ጣሪያውም ለተርታው ሁሉ አንድ ነው። ከባሏ ከዳኑ ጋር ተከራይተው ገቡ፤ ያኔ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። በየረፋዱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "ምባህ፣ በልተዋል?" ትለኛለች፤ አያቴ ማለቷ ነው። ትኩስ የተጠበሰ ካሳቫ ታቀብለኛለች። ያቺ "በልተዋል?" ባትኖር ኖሮ ድምፄን ራሴም በረሳሁት።

ችግሩ ባሏ ነው። ዳኑ ከቤት አይወጣም። ሰው ሁሉ ለእንጀራው ባቡር ላይ ተጣብቆ በሚቆምበት ሰፈር፣ አንድ ጎልማሳ ሰው ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል። ይሁንና አዲስ ማቀዝቀዣ ገባላቸው። ዕቃ የሚያመላልሱ ሞተረኞችም ደጃቸውን አይለቁም።

አንድ ቀን የአትክልት ሻጩ ጋሪ ዘንድ ኢቡ ኒንግሲ፣ እትዬ ኒንግሲ እንደማለት ነው፣ ክንዴን ያዘችኝ። በወዲያኛው በኩል የኪናንቲ ጎረቤት ናት፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ዓይኗ ሥራ ፈቷል።

"ምባህ፣ እርስዎ የግድግዳ ጎረቤት ነዎት። ምን ይሰማዎታል?"

"ምን እንዲሰማኝ ፈለግሽ?"

"ከኋላ ያለው የካሳቫ ማሳ ተቆፍሯል። የአሳማ አፍንጫ የቆፈረው ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ከማሳው ማዶ ካለው ጫካ መጥቶ ነዋ። አሳማ መቆፈር ሥራው ነው።"

"የትኛው አሳማ?" አለችና ወደ እነኪናንቲ ቤት በአገጯ ጠቆመች።

አትክልት ሻጩ የሚመዝነውን ሽንኩርት ይዞ ቀረ። ሁላችንም ያደግንበት ወሬ ነው። ባል ጥቁር ልብስ ደርቦ አሳማ ይሆንና የሰው ቤት እየታከከ ሀብት ይሰበስባል። ሚስት ውሃ ላይ የቆመ ሻማ እየጠበቀች ትቀመጣለች። ነበልባሉ ከተንቀጠቀጠ ባሏ ተይዟልና ቶሎ ታጠፋዋለች፤ እሱም ሰው ሆኖ ይመለሳል።

"ፓክ ሃርዮኖን አነጋግሬዋለሁ" አለች ኢቡ ኒንግሲ። ፓክ ሃርዮኖ፣ ጋሼ ሃርዮኖ እንደማለት፣ የሰፈራችን ኃላፊ ነው። "በዓይኑ ያየ ሰው አምጪና ለቤቱ ባለቤት ነግሬ አስወጣቸዋለሁ ብሎኛል። እኔን ወሬኛ ይሉኛል። እርስዎ አየሁ ካሉ ግን ማን አፍ ይከፍታል?"

"ያላየሁትን አልናገርም።"

"ታዲያ ይዩ!"

ሳቅኩባት፤ ግን ቃሏ ተከትሎኝ ቤቴ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዬ ሌላ ጆሮ ሆነ። ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ፤ ደረቅ ወረቀት በቀስታ እንደሚጨማደድ ዓይነት። እጄን ሳሳርፍበት ዝም ይላል። ሳነሳ ይቀጥላል። ላምባ ይሸተኛል። ኪናንቲ በየማለዳው ጭቃ የሞላ ባልዲ ደብቃ ወደ ጓሮ ስታወጣ አየኋት። ወለሉ ሲሚንቶ በሆነ ቤት ውስጥ ጭቃው ከየት መጣ?

"ልጄ፣ ዳኑ ሥራው ምንድን ነው?" አልኳት በአጥሩ ላይ።

"ኮምፒውተር ላይ ነው ምባህ፤ ሥዕል ይሠራል። የሚያሠሩት ሰዎች ሩቅ አገር ናቸው፤ እነሱ ሲነቁ እኛ እንተኛለን።"

"ጭቃውስ?"

ፊቷ ተለወጠ። "የምን ጭቃ?" አለችና በሩን ከኋላዋ ሳብ አደረገችው። በሩ ድሮ ወለል ብሎ ይከፈት ነበር፤ አሁን ለእጅ ያህል ብቻ ነው። በማግስቱ ካሳቫ አልመጣም፤ "በልተዋል?"ም አልመጣም። የሚደብቁት ነገር እንዳለ ያኔ ተረዳሁ። ኢቡ ኒንግሲ ልክ ብትሆንስ? ልክ ከሆነች እኔ እመሰክራለሁ፣ እነሱ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቀን ቀን እኔና ድመቶቹ ነን።

የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሎ ባባራበት አመሻሽ፣ መግሪብ ሰግጄ ሳበቃ ኢቡ ኒንግሲ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ደጄ ደረሰች።

"ምባህ፣ ይነሱ! አሁን ነው!"

"ምኑ?"

"መብራታቸውን አጥፍተዋል። ይምጡና በዓይንዎ ይዩ!"

እየጎተተች ወደ እነኪናንቲ መስኮት ወሰደችኝ። የመንገዱ አምፖል ሥር አንዳንድ አሸን ይዞር ነበር፤ አንዱ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ በእጄ ጠረግሁት። ማን ልብ ይላል? መስኮቱ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ጠርዙ ላይ ግን ጣት የምታህል ክፍተት አለች። ዓይኔን አስጠጋሁ።

ክፍሉ ጨለማ ነው። መሐል ወለሉ ላይ ውሃ የሞላ ሳፋ አለ፤ መሐሉ ላይ ሻማ ቆሞ ይነድዳል። ኪናንቲ ጥቁር ሻሽ ተከናንባ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ነበልባሉን አፍጥጣ ታያለች። ዳኑ የለም።

ዓይኔን ከክፍተቷ አነሳሁ።

"አዩ?" አለች ኢቡ ኒንግሲ በጆሮዬ።

"አየሁ።"

ስዞር ፓክ ሃርዮኖ ሽርጡን እያጠበቀ፣ ከጣቢያ የተመለሱ ሰዎች ቦርሳቸውን እንዳነገቱ ቆመዋል። አንዱ ዱላ ይዞ ወደ ማሳው ሊሄድ ነው። ሌላው፣ "ሻማውን ሳታጠፋው እንንጠቃት፤ እሱ በዚያው አሳማ ሆኖ ይቅር" ይላል።

ፓክ ሃርዮኖ አየኝ። "ምባህ፣ ያዩትን ይናገሩ። እርስዎ ካሉ ነገ ለቤቱ ባለቤት እደውላለሁ።"

አፌን ከፈትኩ። ሻማውን አይቻለሁ፤ ሳፋውን አይቻለሁ። ግን የልጅቱ እጅ ሆዷ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ያንንም አይቻለሁ። ባሏን የምትጠብቅ ጠንቋይ ያን ያህል ትፈራለች?

"ገና አልጨረስኩም" አልኩና በራቸውን አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለች ከውስጥ።

"ምባህ ነኝ። አልበላሁም።"

በሩ ለእጅ ያህል ተከፈተ። ገፋ አድርጌ ገባሁ፤ ኢቡ ኒንግሲም ከኋላዬ ጭንቅላቷን አስገባች። መጀመሪያ የነካኝ ክንፍ ነው። ፊቴ ላይ፣ አንገቴ ውስጥ፣ ሻሼ ውስጥ። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ አሁን አይታይም፤ አሸን ሞልቶታል። ከበሩ መቃን ስንጥቅ አሁንም ይፈላል፤ ብርሃኑን አይቶ እየበረረ ውሃው ውስጥ ይወድቃል።

ያኔ ኮርኒሱ ተንቋቋ። በጥጉ ያለው ክዳን ተነሳና ጥቁር ነገር፣ ጭቃና ክንፍ የለበሰ፣ እግሩን አስቀድሞ ተንጠልጥሎ ወረደ።

"መጣ!" ብላ ጮኸች ኢቡ ኒንግሲ። "አሳማው መጣ!"

"ኧረ ኢቡ፣ እኔ ነኝ! ዳኑ ነኝ!" አለ ጥቁር የዝናብ ልብሱን ከጭንቅላቱ እየገፈፈ። በአንድ እጁ የላምባ ጣሳ ይዟል።

"ስሙንስ በደንብ ይናገራል" አለ ፓክ ሃርዮኖ። ከውጭ ያሉት ሳቁ፤ ዱላ የያዘው ዱላውን ከኋላው ደበቀ።

ኪናንቲ ግን አልሳቀችም፤ አለቀሰች። "ምስጥ ነው ምባህ፤ አሸኑ ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። በየሌሊቱ የጭቃ መንገዱን ግድግዳው ላይ ይሠራል፣ በየጠዋቱ እንፍቀዋለን። የቤቱ ባለቤት ከሰማ እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት ብሎ ያስወጣናል። ልጁ እስኪወለድ ብቻ ብለን ነው የደበቅነው።"

"ታዲያ ከእናንተ ቤት ነዋ የመጣው!" አለች ኢቡ ኒንግሲ፣ ድምፅዋ ቶሎ ተመልሶ። "የእኔ ቤት ንጹሕ ነው።"

ፓክ ሃርዮኖ ዱላውን ከሰውየው ተቀበለና በክዳኑ በኩል ወደ ላይ፣ በኢቡ ኒንግሲ ቤት አቅጣጫ ያለውን የጣሪያ ወራጅ ነካ አደረገው። ዱላው እንደ ቅቤ ሰርጎ ገባ። ወደ እኔ ቤት አዞረው፤ እዚያም ገባ። እያንዳንዱ የራሱን ጣሪያ እያሰበ ወደ ላይ ያይ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ተርታው ሁሉ ኮርኒሱን አወረደ። በሳምንቱ ቀናት የማንተያይ ሰዎች አንዳችን የሌላችንን መኝታ ቤት አየን። ምስጡ ከማን ቤት ጀመረ የሚለው ጭቅጭቅ አላለቀም፤ ኢቡ ኒንግሲ እኔን መጠርጠር ጀምራለች፤ የማንጎው ሥር ነው ትላለች። ፓክ ሃርዮኖ ግን ለቤቱ ባለቤት ደውሎ፣ "ከጫካው ነው የመጣው፤ ተከራዮችህ ባይፍቁት ኖሮ ተርታው በላያችን ይወርድ ነበር" አለው። እነኪናንቲ ቀሩ። ልጅ ወለደች።

አሁን ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ወደ ባቡሩ ከሄደ በኋላ፣ ኪናንቲ አራስ ናትና አጥሩ ድረስ አትወጣም፤ እኔ ግድግዳውን አንኳኳለሁ። ከዚያ ጆሮዬን አስደግፌ እጠብቃለሁ። ከውስጥ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይመልስልኛል። ደስ ይለኛል፣ ግን ወዲያው አላምነውም፤ የሚመልስልኝ ምስጡ ሳይሆን እሷ መሆኗን ለማረጋገጥ ደግሜ አንኳኳለሁ።